ኮሶ፥ እንዶድና ጓያ፦ የዕፅዋት ስሞችና የሙያ ግሶች በሕክምና ምርምር ታሪክ

መግቢያ

በመዝገበ ቃላት ዝግጅት የተሰማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ቀላል መስለው የሚታዩት፥ በተግባር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግሩት ቃላት የዕፅዋት ስሞች ናቸው። «የዛፍ ስም»፥ «የሐረግ ዓይነት»፥ «ለመድኃኒት የሚሆን ቅጠል» በሚል አጭር ፍቺ ታልፈው ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ፍቺ ተክሉን ለሚያውቅ አንባቢ አዲስ ነገር አይነግረውም፤ ለማያውቀው አንባቢም ተክሉን ከሌላው ለይቶ አያሳየውም። ነገሩ በልብ ወለድ ንባብ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ጥቂት ነው። የሕክምና ጽሑፍ በሚተረጐምበት ጊዜ ግን የቃሉ መሳት የተክሉ፥ የመጠኑና የአወሳሰዱ መሳት ስለሚሆን፥ ስሕተቱ ከወረቀት ወጥቶ እስከ ሰው አካል ይደርሳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የሦስት የአገራችንን ተክሎች፥ ማለትም የኮሶን፥ የእንዶድንና የጓያን ታሪክ ነው። ለማነጻጸሪያ ያህልም ከቻይና አንድ ምሳሌ እንጨምራለን። ዓላማችን የመድኃኒት ቅመማ ማስተማር ሳይሆን፥ ቃላቱ ከሕዝብ አፍ ወደ ሳይንስ ጽሑፍ፥ ከሳይንስ ጽሑፍም ተመልሰው ወደ አማርኛ ሲሻገሩ ምን እንደተረፈና ምን እንደጐደለ ማሳየት ነው። ወደ መጨረሻው እንደምናየው፥ ዕውቀቱ ተጠብቆ የቆየው በስሙ ብቻ ሳይሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ቸል በምንላቸው የሙያ ግሶች፥ በወቀጠ፥ በዘፈዘፈ፥ በጨመቀ፥ በቀቀለ፥ በቆላና በአቦካ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር፥ የምንሰጣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ኮሶ፦ አንድ ቃል፥ ሦስት ፍቺ

ኮሶ በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሰይማል። በመጀመሪያ በደጋ የሚበቅለውን ትልቅ ዛፍ፤ ሁለተኛ ከዛፉ አበባ የሚዘጋጀውን መራራ መድኃኒት፤ ሦስተኛ ደግሞ መድኃኒቱ የሚያስወጣውን የሆድ ትል ነው። «የኮሶ እንጨት» ሲባል ዛፉ፥ «ኮሶ ጠጣ» ሲባል መድኃኒቱ፥ «ኮሶ ታየው» ሲባል ትሉ መሆኑን የሚነግረን አብሮት የሚሄደው ቃል ብቻ ነው። «እንደ ኮሶ መረረው» የሚለው ፈሊጥም ከሁለተኛው ፍቺ የመነጨ ነው። በሽታውና ፈውሱ በአንድ ስም መጠራታቸው የቋንቋ ድኽነት ምልክት አይደለም፤ ሁለቱ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ተነጣጥለው የማይታዩ መሆናቸውን የሚያሳይ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የከብት ሥጋ የሚያስተላልፈው ትል የታወቀ እንግዳ ነበርና፥ መድኃኒቱም በየጊዜው የሚወሰድ የታወቀ ነገር ነበር።

የዛፉ ተባዕትና አንስት አበቦች በተለያዩ ዛፎች ላይ ይበቅላሉ። ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴው ዛፍ አበባ ሲሆን፥ ይህንኑ ልዩነት ኋላ የአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎችም ተቀብለው በመጻሕፍታቸው አስፍረውታል። ስለዚህ በአማርኛ «ወንዴ» እና «ሴቴ» የሚሉት ቅጽሎች ከዛፍ ስም ጋር ሲገናኙ ጌጥ አይደሉም፤ በሥነ ሕይወት ረገድ ትክክለኛ መለያዎች ናቸው።

የኮሶ ወደ ውጭ አገር ጽሑፍ መግባት የተጀመረው በጄምስ ብሩስ ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1769 ምጽዋ ደርሶ፥ በጎንደር ከተቀመጠ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፥ የጉዞውን ታሪክ በ1790 አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ዛፉን ከነሥዕሉ ሲገልጽ የአገሩን ስም መዝግቦ፥ ለእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ እንዲሆን ከስሙ የወጣ የላቲን ስያሜ ሰጠው። ሆኖም ከባንክስ ስም የወጣ መጠሪያ በ1782 ለአውስትራሊያ ተክሎች ተሰጥቶ ስለነበረ፥ በዕፅዋት አሰያየም ሕግ መሠረት የብሩስ ስያሜ ሊጸና አልቻለም። በ1791 ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ሐገኒያ አቢሲኒካ የሚለውን ስም አወጣለት፤ ሐገኒያ የተባለውም የኬኒግስበርጉን መድኃኒት ቀማሚ ካርል ጎትፍሪድ ሐገንን ለማስታወስ ነው። በ1820ዎቹ ደግሞ፥ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራዬር ስለ መድኃኒቱ በማስታወቁ፥ ኩንት የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ብራዬራ አንተልሚንቲካ የሚል ሌላ ስም ሰጠው። አንተልሚንቲካ «ትል የሚያስወጣ» ማለት ነው።

እንግዲህ በሠላሳ ወይም በአርባ ዓመታት ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ዛፍ ለአንድ እንግሊዛዊ፥ ለአንድ ጀርመናዊና ለአንድ ፈረንሳዊ መታሰቢያ ሆኖ ተሰየመ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ዛሬ የጸናው ሐገኒያ አቢሲኒካ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ግን መድኃኒቱን የሚሸጡና የሚያዝዙ ሰዎች የአገሩን ስም አልለቀቁም። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ የገባው በኮሶ ስም ነው፤ አጻጻፉ ግን እንደየቋንቋው ይለያያል። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ከአበባው ያወጧቸውን ንጥረ ነገሮች ኮሲንና ኮሶቶክሲን ብለው ጠሯቸው። የላቲኑ ስም ተክሉን ከሌላ ተክል ለመለየት አገለገለ፤ የአማርኛው ስም ደግሞ መድኃኒቱን ይዞ ተጓዘ። ይህ የሥራ ክፍፍል ለስያሜ ሥራችን ትልቅ ትምህርት አለው።

በአገራችን ደርቆ የተፈጨው ወይም የተወቀጠው አበባ በፈሳሽ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። እዚህ ላይ «ተበጥብጦ» የሚለው ቃል ሊተኰርበት ይገባል። ትሉን የሚጐዱት የኮሶ ንጥረ ነገሮች በውኃ በሚገባ አይሟሙም፤ ስለዚህ ዱቄቱ ተጠልሎ ውኃው ብቻ ቢጠጣ ዋናው ነገር በማጥለያው ላይ ይቀራል። የእንግሊዝ መድኃኒት ቀማሚዎችም የኮሶን ዝግጅት ሳይጠለል እንዲሰጥ ማዘዛቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ተርጓሚው «በጠበጠ» የሚለውን «አሟሟ» ብሎ ቢተረጕመው ሐሳቡ የተቃረበ ይመስላል፤ በኬሚስትሪ ረገድ ግን ሁለቱ የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። የሟሟ ነገር አይታይም፤ የተበጠበጠ ነገር ግን ጥቂት ከቆየ ይዘቅጣል።

ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ጉዳት የሚያስከትል በመሆኑ፥ ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህም እንደ ኒክሎሳማይድና እንደ ፕራዚኳንቴል ያሉ መጠናቸው በትክክል የሚታወቅ መድኃኒቶች በመገኘታቸው፥ በሕክምና ቦታውን ለቅቋል። ቃሉ ግን በሦስቱም ፍቺዎች ይኖራል።

2. እንዶድ፦ ከልብስ አጣቢዎች ወደ ቤተ ሙከራ

የእንዶድ ታሪክ ከኮሶ ታሪክ በአንድ ዐቢይ ነገር ይለያል። ኮሶን ለውጭው ዓለም ያስታወቁት መንገደኞች ሲሆኑ፥ እንዶድን ያስታወቁት ግን ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ናቸው።

እንዶድ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ሲሆን፥ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ አረፋ ስለሚያወጣ ከጥንት ጀምሮ የሸማ ማጠቢያ ሆኖ አገልግሏል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ጥናት ሲያካሂዱ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን ተመለከቱ። ቀንድ አውጣ ደግሞ የቢልሃርዝያ ትል ከሰው ወደ ሰው ለመተላለፍ የግድ የሚያልፍበት አስተናጋጅ ነው። ከበሽተኛው ዐይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ የገባው ዕንቍላል ይፈለፈላል፤ ዕጩ ወደ ቀንድ አውጣው ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውኃ ውስጥ የሚመላለሰውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ከዚህ ምልከታ የተነሣው ጥናት ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። በዓድዋ ከ1969 እስከ 1974 በእንዶድ በተደረገው ሙከራ፥ በከተማው ሕዝብ መካከል የበሽታው መጠን ከመቶ 63 ወደ 33 ሲወርድ፥ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ልጆች ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተክሉን ዝርያዎች በማጥናትና በማልማት ከፍ ያለ ኃይል ያለውን ዓይነት 44 የተባለውን ለማስፋፋት ሠሩ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀብለዋል።

ከቋንቋ ረገድ ልናነሣው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለ። ግኝቱ የተገኘው ትግርኛ በሚነገርበት በዓድዋ ነው። በትግርኛ ተክሉ ሽብቲ ይባላል፤ በኦሮምኛ ደግሞ አንዶዴ ነው። ወደ ዓለም አቀፍ ጽሑፍ የገባው ግን እንዶድ የሚለው የአማርኛው ስም ነው። በዚህ ምክንያት የሳይንሱን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው፥ ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ፍሬውን በምን ስም ይጠሩት እንደነበረ አያገኝም። መዝገበ ቃላታችን የሌሎቹን የአገሪቱን ቋንቋዎች ስሞች ጐን ለጐን ማስፈሩ ስለዚህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የዕውቀቱን ምንጭ ተከታትሎ ለማግኘት የሚያስችል ብቸኛው መንገድ ስለሆነ ነው።

3. ሳሙናና ሳፖኒን

የእንዶድን ኃይል የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ሳፖኒን ከሚባሉት ወገን ናቸው። ቃሉ ሳፖ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን ትርጓሜው ሳሙና ነው። የእኛው «ሳሙና» ደግሞ ከዐረብኛው ሳቡን የመጣ ነው፤ ዐረብኛውም የዚያው የጥንት ቃል ወራሽ ነው። እንግዲህ ሳሙናና ሳፖኒን በሁለት መንገድ ተጉዘው በአማርኛ የተገናኙ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ በንግድ መንገድ በቀይ ባሕር ተሻግሮ ከሕዝቡ ጋር ኖረ፤ ሌላው በቤተ ሙከራ መንገድ ዘግይቶ ደረሰ። ሳፖኒንን በአማርኛ አቻ ቃል ለመተካት የሚፈልግ ሰው ይህን ዝምድና ቢያውቅ፥ «ሳሙኔ» የሚል አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ «አረፋ የሚያወጣ የዕፅዋት ንጥረ ነገር» ብሎ ፈትቶ የውጭውን ቃል እንዳለ ማስቀረት እንደሚሻል ይገነዘባል።

ከእንዶድ ከተለዩት ሳፖኒኖች አንዱ ለዶክተር አክሊሉ ለማ ክብር ለማቶክሲን ተብሎ ተሰይሟል። በኮሶ ጊዜ የኢትዮጵያ ዛፍ በአውሮፓውያን ስም ተጠራ፤ በእንዶድ ጊዜ ግን የኢትዮጵያዊ ስም በኬሚስትሪ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ገባ። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት ወደ 180 ዓመት ይሆናል።

ይሁንና ለእኛ ከስያሜው ይበልጥ የሚያስደንቀው የግሶቹ ጉዳይ ነው። በደረቀውና ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች በአብዛኛው ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል በሌለው መልክ የሚገኙ ናቸው። ፍሬው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲገናኝ፥ በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቈርጥና ገዳይ ወደሆነው መልክ ይለውጠዋል። ስለዚህ መውቀጥና በውኃ መዘፍዘፍ ለማጠቢያነት የሚደረግ ዝግጅት ብቻ አይደለም፤ ንጥረ ነገሩን የሚወልደው ራሱ ድርጊቱ ነው። ሴቶቹ ኢንዛይም የሚለውን ቃል ሳያውቁ ኢንዛይሙ የሚጠይቀውን ሥራ ሁሉ ይፈጽሙ ነበር። ይህ ዕውቀት በቋንቋችን ተቀምጦ የሚገኘው የት ነው ብንል፥ «እንዶድ» በሚለው ስም ውስጥ ሳይሆን «ወቅጦ መዘፍዘፍ» በሚለው የግስ ጥምረት ውስጥ ነው።

4. «መድኃኒት» የሚለው ቃል አደጋ

የእንዶድ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲተረጐሙ የሚያጋጥም አንድ ከባድ ችግር አለ። «እንዶድ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት። በአማርኛ ሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። በአማርኛ «የአይጥ መድኃኒት»፥ «የተባይ መድኃኒት» ማለት የተለመደ ነውና፥ ጸሐፊው ቀንድ አውጣውን ስለሚያጠፋው ኃይል መናገሩ ሊሆን ይችላል። አንባቢው ግን «የራስ ምታት መድኃኒት» እንደሚለው አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ከግዕዙ ድኅነት ጋር የተዛመደው መድኃኒት የሚለው ቃል የሚያድነውንም የሚገድለውንም በአንድነት ይሰይማል።

እንዶድ በሰው አካል ውስጥ ያለውን የቢልሃርዝያ ትል አይፈውስም፤ ሥራው በውኃ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ማጥፋት ነው። ሲጠጣ መርዛማ ነው። በሽተኛው «የቢልሃርዝያ መድኃኒት» የሚለውን አንብቦ ፍሬውን በጥብጦ ቢጠጣ፥ ጥፋቱ የሐኪሙ ሳይሆን የተርጓሚው ነው። ስለዚህ በዚህ አገባብ «ቀንድ አውጣ ገዳይ» ወይም «ፀረ ቀንድ አውጣ» የሚለውን እንመርጣለን። የመጀመሪያው ለሕዝብ በሚጻፍ ጽሑፍ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛው ፀረ ተባይ፥ ፀረ አረም ከሚሉት ጋር ስለሚሰለፍ ለሙያ ጽሑፍ ይስማማል። ሰውን ለሚፈውሰው ብቻ «መድኃኒት» የሚለውን መጠበቅ በዕለት ንግግር ባይቻል እንኳ፥ በሕክምና ጽሑፍ ይቻላል ብለን እናምናለን።

ሌላው የቃል ጥያቄ የሕግ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የተስፋፋውን የሜዳ አህያ መሰል ዝንጕርጕር ዛጐል ያለውን የውኃ እንስሳ በእንዶድ ለማጥፋት የሚያስችል የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ይህም ስለ አገር በቀል ዕውቀት ባለቤትነት ሰፊ ክርክር አስነሣ። በአማርኛ «ግኝት» እና «ፈጠራ» የሚሉት ቃላት በዕለት ንግግር ተቀራራቢ ሆነው ይነገራሉ። ግኝት ከዚህ በፊት የነበረውን ማግኘት ነው፤ ፈጠራ ያልነበረውን ማስገኘት ነው። የእንዶድ ክርክር የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ስለሆነ፥ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ድንበር ጠብቆ መተርጐም የቃላት አዋቂነት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

5. ለማነጻጸር፦ የቻይናው ቺንግሃኦ

የሌላ አገር ታሪክ ይህንኑ ነገር ከሌላ ወገን ያሳየናል። በ1967 በቻይና ለወባ መድኃኒት ለመፈለግ ፕሮጀክት 523 የሚባል ምርምር ተጀመረ። ተመራማሪዋ ቱ ዮዮ ከጥንት የሕክምና መጻሕፍት መካከል በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የገ ሆንግ መጽሐፍ ስለ ቺንግሃኦ የሚሰጠውን መመሪያ አስተዋሉ። መጽሐፉ ተክሉን በውኃ ዘፍዝፎ፥ ጨምቆ፥ ጭማቂውን መጠጣት ያዝዛል፤ ማፍላትን አይጠቅስም። ቱ ዮዮ ከዚህ ተነሥተው ሙቀት ንጥረ ነገሩን ሳያበላሸው አይቀርም ብለው አሰቡና፥ በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት በኢተር አማካይነት ንጥረ ነገሩን አወጡ። በ1972 ንጹሑ ንጥረ ነገር ተለየ፤ በ2015 ቱ ዮዮ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። የመላው ምርምር አቅጣጫ የተለወጠው በአንድ ስም ሳይሆን «ጨመቀ» በሚል በአንድ ግስና «አፈላ» በሚለው ግስ አለመኖር ነው።

ቻይናውያን ንጥረ ነገሩን ቺንግሃኦሱ ብለው ሰየሙት። ሱ የሚለው ቅጥያ በቋንቋቸው ለቪታሚንና ለአንቲባዮቲክ በወጡት ስያሜዎች ላይም የሚገኝ ነው። የአገሩን የተክል ስም ይዘው መደበኛ ቅጥያ በመጨመር ግልጽና ሊራባ የሚችል ቃል አገኙ። የውጭው ዓለም ግን ከላቲኑ የወገን ስም አርቴሚሲኒን ብሎ ጠራው፤ ወደ አማርኛም የገባው ይኸው ነው።

ይሁንና ቻይናውያንን ያስቸገራቸው የስም መደራረብ ነበር። በዘመናዊው የቻይና የዕፅዋት ጥናት ቺንግሃኦ የሚለው ስም ለሌላ ዝርያ ተሰጥቶ ስለነበረ፥ መድኃኒቱ የሚገኝበት አርቴሚሲያ አኑዋ ሁዋንግሁዋሃኦ በሚል ስም ይታወቃል። ቺንግሃኦ በሚል የተሰየመው ዝርያ ደግሞ የወባውን መድኃኒት አይሰጥም። የመድኃኒት መጽሐፋቸው የስሙን ትርጕም በይፋ መወሰን አስፈልጎታል።

ይህ ችግር በአገራችንም በር ላይ ቆሟል። አሪቲም ጭቁኝም ከአርቴሚሲያ ወገን የሚቆጠሩ ሲሆኑ፥ ስለ ወባ የተጻፈ ጽሑፍ «አርቴሚሲያ» የሚለውን ሲያገኝ «አሪቲ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ወገኑን አግኝቶ ዝርያውን ስቷል። አሪቲ የወባ መድኃኒት የሚወጣባት ዝርያ አይደለችም። የወገን ስም ለዝርያ፥ የዝርያ ስም ለወገን አይተረጐምም፤ ይህ በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ደንብ ሊሆን ይገባል።

6. ጓያ፦ ምግቡና ሽባነቱ

እስካሁን ያየናቸው ተክሎች ለፈውስ ወይም ለመከላከያ የሚያገለግሉ ናቸው። ጓያ ግን የሚበላ እህል ነው። ድርቅንና ውኃ ያዘለ መሬትን ስለሚችል፥ ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት ለገበሬው የሚተርፈው እሱ ነው። ለወራት ያህል ዋነኛ ምግብ ሲሆን ግን እግርን የሚያሽመደምድ፥ የማይመለስ ሽባነት ያመጣል። በጣሊያን አገር ካንታኒ የተባለው ሐኪም በ1873 በሽታውን ላቲሪዝም ብሎ የሰየመው ከእህሉ የላቲን ስም ከላቲረስ ነው። ለበሽታው ተጠያቂ የሚሆነው ኦዳፕ የተባለው ንጥረ ነገር በህንድ ተመራማሪዎች የተለየው በ1964 ነው፤ እንዶድ በዓድዋ በታየበት ዓመት መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ በ1970ዎቹ በጎንደር ክፍለ ሀገር፥ በ1990ዎቹ ደግሞ በሰሜን ወሎ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ በሽታ ተጐድተዋል። ከሁለተኛው መከራ በኋላ ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ጥናት ለቃላት ሠራተኞች የተጻፈ እስኪመስል ድረስ በአበሳሰል ስሞች ላይ ያተኰረ ነበር። ጓያን በንፍሮ፥ በቆሎና በእሸት መልክ የበሉት ሰዎች ለሽባነት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ሲገኙ፥ በቂጣ፥ ቦክቶ በሚጋገር እንጀራና በወጥ መልክ በበሉት ላይ ግን ተመሳሳይ ውጤት አልታየም።

ይህን ውጤት ከአማርኛ ውጭ ወደሆነ ቋንቋ የሚያሻግር ሰው ንፍሮንም፥ ወጥንም «የተቀቀለ» በሚል አንድ ቃል ቢጠቀልላቸው፥ የጥናቱ ዋና ግኝት በአንድ ቃል ይጠፋል። ወደ አማርኛ የሚመልሰውም ሰው «የበሰለ ጓያ ይጐዳል» ብሎ ቢጽፍ፥ ገበሬው የትኛውን እንዲተው እንደተነገረው ማወቅ አይችልም። ሁሉንም ይተው እንዳይባል ደግሞ በችግር ጊዜ ያለው እህል እሱ ብቻ ነው። ጓያን ዘፍዝፎ የዘፈዘፉበትን ውኃ መድፋትም፥ ንጥረ ነገሩ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ፥ መርዙን የሚቀንስ መሆኑ ታውቋል። በእንዶድ ጊዜ መዘፍዘፍ ኃይሉን የሚያወጣው ሲሆን፥ በጓያ ጊዜ ጉዳቱን የሚያወጣው ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ቀጥሎ የሚመጣው ግስ፥ ውኃውን መጠቀም ወይም መድፋት ነው።

በእኛ መዝገበ ቃላት «ንፍሮ» የሚለው «የተቀቀለ እህል»፥ «ቆሎ» የሚለው «የተቆላ እህል» ተብሎ መፈታቱ በቂ መስሎ ሊታየን ይችላል። የጓያ ታሪክ ግን እነዚህ የወጥ ቤት ቃላት ከሙያ ቃላት ተርታ ገብተው፥ ውኃው ይቀራል ወይስ ይደፋል፥ እህሉ ሙሉ ነው ወይስ ተፈጭቷል፥ ቦክቷል ወይስ አልቦካም የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልስ ፍቺ እንደሚያስፈልጋቸው ያስረዳል።

7. ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

የዕፅዋትን ስም ከሳይንሳዊ ስማቸው ጋር ለማገናኘት ብዙ ተደክሟል። የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የዕፅዋት ስሞች ዝርዝር አራተኛ እትሙ በ1987 ወጥቷል። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ ስምንት ቅጾች ሆኖ በ2009 ተጠናቋል። አጠቃላዩን የቃላት ሥራ ደግሞ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዝገበ ቃላት መሠረት ጥለውለታል። የዕፅዋት ሊቃውንት ለይተው የሰጡንን፥ የቋንቋ ሊቃውንት ሰብስበው ካቈዩልን ጋር ማጋጠም የእኛ ድርሻ ነው።

ከላይ ከተነጋገርንበት ተነሥተን ለዕፅዋት ቃላት ፍቺ የሚከተለውን ሥርዓት እናቀርባለን። አንደኛ፥ ተክሉ፥ የተክሉ ጥቅም ላይ የሚውለው ክፍልና ከእሱ የሚዘጋጀው ነገር በተለያየ ቍጥር ይፈቱ። ሁለተኛ፥ ሳይንሳዊው ስም እስከ ዝርያው ድረስ ይጻፍ፤ ዝርያው ካልታወቀ ወገኑ ብቻ መሆኑ ይገለጽ። ሦስተኛ፥ በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ያለው ስም ይጨመር። አራተኛ፥ ዝግጅቱን የሚያመለክቱ ግሶች በቅደም ተከተላቸው ይመዝገቡ። አምስተኛ፥ «መድኃኒት» የሚለው ቃል በፍቺው ውስጥ ሲገባ ለምንና ለማን እንደሆነ ሳይገለጽ አይታለፍ። ለምሳሌ ያህል እንዶድ በዚህ ሥርዓት ቢፈታ እንዲህ ይሆናል፦

እንዶድ (ስም)። 1. እየተንጠላጠለ የሚያድግ፥ ፍሬው በዘለላ የሚያፈራ ቁጥቋጦ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ። 2. የዚሁ ተክል ፍሬ፤ ሳይበስል ተለቅሞ፥ ደርቆ፥ ተወቅጦ፥ በውኃ ተዘፍዝፎ አረፋው ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን። 3. (በሕክምና ጥናት) ከዚሁ ፍሬ የሚዘጋጅ ቀንድ አውጣ ገዳይ፤ የቢልሃርዝያን መተላለፍ ለመግታት በውኃ ላይ የሚደረግ። ጥንቃቄ፦ ለሰው መጠጥ አይሆንም፤ መርዛማ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች፦ ሽብቲ (ትግርኛ)፥ አንዶዴ (ኦሮምኛ)።

ይህ ፍቺ «የተክል ስም» ከሚለው ይረዝማል፤ ወረቀትም ይፈጃል። ሆኖም የመጽሐፉን ገጽ የሚገልጥ ተርጓሚ፥ ሐኪም ወይም የግብርና ሠራተኛ የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ቦታ ያገኛል። ግሶቹን የሚያውቁ አረጋውያንና የገጠር ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ፥ የቃል ሰብሳቢዎቻችን መጠይቅ «ይህ ተክል ምን ይባላል?» በሚለው ላይ ሳይቆም «ምን ታደርጉታላችሁ? አስቀድማችሁ ምን፥ ቀጥላችሁ ምን?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የዓድዋ ሴቶች ለሳይንስ የሰጡት ስም ሳይሆን ድርጊት ነበር፤ ድርጊቱን በቋንቋችን ጠብቆ ማቈየት ደግሞ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ ነው።